ርዕሱ ብቻ የተቀየረ ጥናት

ምረቃ ሲቃረብ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራሉ። ሰነድ ላስጠርዝ ከአንዱ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረ ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለበትን ፍላሽ ለባለቤቱ አቀበለና «ብሮ፣ የወረዳውን ስም ብቻ ቀይርልኝ፤ ሌላውን እንዳለ ተወው» አለው። ባለቤቱ ፋይሉን ከፈተ። የአንዱ ወረዳ ስም በሌላው ተተካ፣ ሽፋኑ ላይ የአማካሪው ስም ገባ፣ ወረቀቱ ታትሞ ተጠረዘ። የመጠይቁ መልሶች፣ ሠንጠረዦቹ፣ በመቶኛ የተቀመጡት ውጤቶች ሁሉ የመጀመሪያው ወረዳ ሰዎች የሰጧቸው ነበሩ። ልጁ ሒሳቡን ከፍሎ እየተጣደፈ ወጣ። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ቆየት ብዬ ባለቤቱን ላነጋግረው ተመለስኩ።

ሰውየው ራሱ የሶሲዮሎጂ ምሩቅ ነው። ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም፤ ለመናገር ግን አልሰሰተም። «የራሴን ጽሑፍ የሠራሁት መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬ ነው» ይላል። «አንዲት እናት ቡና አፍልተው ሦስት ሰዓት አጫወቱኝ። ትምህርት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። አድቫይዘሬ ግን መግቢያውንና ማጠቃለያውን አይቶ ኤ ሰጠኝ። ሥራ ስፈልግ ደግሞ ‹ምን አጠናህ?› ያለኝ አንድም ቀጣሪ የለም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ‹ሲጂፒኤህ ስንት ነው?› ብሎ ነበር። ታዲያ የሚያነበው ከሌለ ማንም ቢጽፈው ምን ለውጥ አለው?»

ቀጥሎ የነገረኝ ግን የበለጠ አሳሰበኝ። «ለዲግሪው የጻፍኩለት ልጅ ለማስተርሱም ይመጣል። ‹ለምን ትማራለህ?› ስለው ‹ሥራ የለማ!› ይለኛል።»

ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ሥራ ልያዝ የሚለው ጥያቄ በየተመራቂው ቤት አለ። ወላጅ፣ አጎት፣ ጎረቤት ሁሉ ሐሳብ ይሰጥበታል። አንድ ወጣት ለምርምር ልቡ ያደላ እንደሆነ ራሱን የሚፈትንበት አጋጣሚ ግን ያው የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። እሱ ባዶ ሲሆን ምርጫውም በጭፍን ይሆናል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበረው። አባላቱ ስለየመጡበት አካባቢ ልማድ ጽፈው በማኅበሩ ቡለቲን ያሳትሙ ነበር። ገና ዲግሪ ያልያዙ ወጣቶች የጻፉት ያ ቡለቲን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ታትሟል። ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹም አስተማሩ። አንድ ዓመት በወረዳ ከተማ ኖሮ ለመጨረሻው ዓመት የሚመለስ ተማሪ ጥያቄ ቢይዝ አይገርምም።

የዚያን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የቢኤ ጽሑፎች የተመለከተ ሰው ልፋቱን ያውቀዋል። ተማሪው ወደ ትውልድ አገሩ ወርዶ ሽማግሌ ጠይቆ፣ የነገሩትን ሰዎች ስም፣ ዕድሜና የተነጋገሩበትን ቀን በጽሑፉ መጨረሻ ይዘረዝራል። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የተናገሩት ግን አለ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ በምንጭነት ከዘረዘሯቸው ሥራዎች መካከል የቢኤ መመረቂያ ጽሑፎች ይገኛሉ። እሳቸውም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ሠርተው ነው ለንደን የዘለቁት። በዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ለአብዛኛው ተማሪ የቢኤ ጽሑፉ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ምርምር ነበር። ስለዚህ ጠንክሮ ይጻፍ ነበር፤ ይነበብም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 አለፈ። የድሃ ልጅ በየክልሉ የመማር ዕድል ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን የአማካሪው ቁጥር ከተማሪው ቁጥር ጋር እኩል አላደገም። በክልል ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር መምህርት «አንዳንድ ሴሚስተር ከምሰጣቸው ኮርሶች በተጨማሪ ሃያ ተማሪ አማክራለሁ። ሁሉንም ላንብብ ብል ሌሊቱም አይበቃኝም» ትላለች። አንዲት የኬሚስትሪ ተመራቂ ደግሞ በቅጠል ጭማቂ ላይ ልትሠራ ያቀደችው ሙከራ ኬሚካሉ ሳይገዛ ሴሚስተሩ ስላለቀ፣ የሌሎችን ሥራ አንብባ ማጠቃለያ ብቻ ጻፈች። «ላብ ብገባ ኖሮ እወደው እንደሆነ አውቅ ነበር» አለችኝ። አሁን የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ በሽያጭ ትሠራለች።

በ2015 ዓ.ም. ለመመረቅ ማለፍ ግድ የሆነው የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት ዘርፎች መሰጠት ጀመረ። በዚያው ዓመት ከተፈተኑት ያለፉት ወደ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ማስተርስ ለመግባትም አገር አቀፍ ፈተና አለ። ፈተና አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ወራት መክረምን፣ መሳሳትን፣ እንደገና መጀመርን አይለካም። ተማሪውም የሚያስመርቀው ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ጊዜውን ለፈተናው ይሰጣል።

የከፍተኛ ትምህርት ጉዳይ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ጥራት የሚረጋገጠው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «በደብዳቤ ይቅረብልኝ» አሉ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም።

ጉዳቱ ግልጽ ነው። ለምርምር የሚሆነው ልጅ ራሱን ሳያውቅ ሥራ ይገባል፤ ሥራ ያጣው ማስተርስ ውስጥ ይጠለላል፤ ነገ አስተማሪ የሚሆነውም ከሁለቱ አንዱ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መምህሩ ሊያነበው የሚችለው ቁጥር ይመደብለት። ሁሉም ተማሪ የግድ ለብቻው ይጻፍ ከማለት ሦስት አራት ሆነው አንድ እውነተኛ ጥናት ይሥሩ። የተሠራው ቤተ መጻሕፍት ይግባ፣ ሌላው ይየው። ቀጣሪዎችም ቃለ መጠይቅ ላይ «ምን አጠናህ? ምን አገኘህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህች ጥያቄ ወጪ የላትም።

ለአንተም ለአንቺም፣ ዘንድሮ ለምትመረቁት፦ የምታውቁትን ሰፈር፣ የምታውቁትን ወንዝ፣ የእናታችሁን ገበያ አጥኑ። ትንሽ ይሁን፣ ግን የራሳችሁ ይሁን። ስትጨርሱ ሌላ ጥያቄ ከመጣባችሁ ማስተርሱን ቀጥሉ። ካልመጣባችሁም ያለ ጸጸት ሥራ ግቡ፤ ቢያንስ የመረጣችሁት አውቃችሁ ነው።