ሳሩን ገልብጣችሁ ችግኝ?

ፎቶውን አልለጥፍም፣ ሰዎቹ ይታወቃሉ። ከ3,400 ሜትር በላይ ያለ ውርጫም ሜዳ ነው። የጓሳ ሳሩ ከነሥሩ ተገልብጦ ሜዳው ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል፤ ጉድጓዶቹ ውስጥ የባሕር ዛፍ ችግኝ ቆሟል። አጠገቡ «የተራቆተ መሬት መልሶ ማልማት» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ማን አራቆተውና!

ቤት ስገባ ደግሞ አንዱ ቻናል ላይ «ሳር ምን አለው፣ አንድ ክረምት ሲዘንብበት ይመለሳል» የሚል ጽሑፍ ጠበቀኝ። እሺ፣ በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. ብርድ መበስበስን ያዘገያል። ቆላ ላይ በወራት የሚያልቅ የሞተ ሥርና ቅጠል እዚያ ላይ ዓመታት ይቆያል። አፈሩ ጥቁር፣ ቀላልና ካርቦን የጠገበ የሆነው ለዚህ ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ያለው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው አንዶሶል የሚባለው አፈር እንዲህ ያለ ነው። ሳሩ ሲነሳበት ፀሐይ በቀጥታ ታገኘዋለች፤ ይሞቃል፣ ስንት ዘመን የተጠራቀመውም ብስባሽ ይበላል። ክፉኛ ከደረቀ ደግሞ እንደ ቡና ዱቄት ውሃ አልቀበልም ይላል፣ ዝናቡ ላዩ ላይ ይንከባለላል። አንዴ እንዲህ ከሆነ ወደ ቀድሞው መመለሱ አጠራጣሪ ነው።

2. ውርጭ። ይህን የሚጽፍ ሰው አላየሁም። በበጋ ሌሊት ባዶ አፈር ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ላይ እየተሳበ ቀጫጭን የበረዶ ዘንግ ይሠራል፤ የላዩንም አፈር ተሸክሞ ያነሳዋል። ረፋድ ላይ በረዶው ሲቀልጥ አፈሩ ልል ብናኝ ሆኖ ይቀራል። ግማሹን ነፋስ፣ ግማሹን የመጀመሪያው ዝናብ ይወስደዋል። ብቅ ያለች ቡቃያ ብትኖርም ሥሯ ተነቅሎ ትደርቃለች። «ይመለሳል» ያልከው ወንድሜ፣ በየትኛው ሥሩ ይመለስ? በሳር የተሸፈነ መሬት ሌሊት እንዲህ አይቀዘቅዝም፤ ሳሩ ልብሱ ነው።

(ልቅ ግጦሽ አይጎዳም አላልኩም። ይጎዳል፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ እንለፈው።)

ሦስተኛው ሳይሆን ዋናው፦ ጉድጓዱ። የእነዚህ ሳሮች አብዛኛው አካል ያለው ከመሬት በታች ነው። አፈሩን ጠፍሮ የያዘው፣ የክረምቱንም ውሃ አስርጎ በበጋ ለምንጭ የሚያወርደው ያ የተጠላለፈ ሥር ነው። እናንተ ግን በዶማ በጥሳችሁት አፈሩን ቁልቁል ደፋችሁት። ችግኙ በመጀመሪያው ከባድ ውርጭ ይሞታል፣ ጉድጓዱ ይቀራል፣ ከዓመት ዓመት ጎርፍ እየላሰው ቦረቦር ይሆናል። ቢጸድቅስ? ቢጸድቅ ይብሳል፤ ባሕር ዛፍ ከሳር የበለጠ ውሃ ይጠጣል። ከታች ያለው መንደር ምንጩ ለምን እንደቀነሰ ሊጠይቅ ሲመጣ ማን ይመልስለት?

ይህን ስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ። «ባለሙያ ሁሌ እንቅፋት ነው» ተባልኩ። የሪፖርቱ ቅጽ «የተተከለ ችግኝ ብዛት» የሚል ሣጥን አለው፣ ሳይነካ ለቀረ ሳር ግን ሣጥን የለውም። ሣጥን ከሌለው በጀት የለውም፣ በጀት ከሌለው አበል የለውም፣ አበል የሌለው ነገር ደግሞ እኛ አገር ተፈጥሮም አያውቅ! ዓመት ቆይቶ ስንቱ ችግኝ እንደጸደቀ ለማየት ወደዚያ ብርድ የሚወጣ አለቃ አሳዩኝ።

የመንዝ ገበሬ የሳሩን ዋጋ ከማናችንም በፊት አውቆታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳ የተባለውን የሳር መሬቱን «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ፣ ሳሩ ሲደርስ ከፍቶ ለክዳንና ለገመድ ያጭድ ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ነው። በኋላ ነዋሪው ራሱ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ጉድጓድ አልቆፈረም፣ ዘግቶ ጠበቀ እንጂ።

አሁን ለቆፋሪዎቹ፦ የተገለበጠው ሳር ገና አልደረቀም። ሥሩን ወደ ታች፣ ቅጠሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ወደ ጉድጓዱ መልሱት፣ በእግራችሁም ጠቅጥቁት። ከብት እንዳይደርስበት ሰው አቁሙ። ክረምቱ ሳይገባ ይሁን። ሰሌዳውን ከፈለጋችሁ ተዉት፣ እሱ አፈር አይጎዳም።