ወባ ያልነበረው ትኩሳት

ባሮ ዳር የሚኖር ሰው ትኩሳትን በወባ ነው የሚተረጉመው። እኛም ቤት እንደዚያው ነው። ልጅ ሲያተኩሰው፣ ትልቅ ሰው ሲያንቀጠቅጠው «ወባ ነው» እንላለን፤ ብዙ ጊዜም አንሳሳትም። ታላቅ ወንድሜ ከጎንደር ጋምቤላ ድረስ ሊጠይቀን በመጣ ጊዜ ግን ተሳሳትን።

ጋሼ 58 ዓመቱ ነው። በመኸር ወቅት መተማ ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ፣ መጋቢት ላይ እኛ ጋ መጣ። ማታ ማታ ያተኩሰዋል፤ ምግብ አይወስድለትም። የመጀመሪያውን የወባ መድኃኒት ጨርሶ ሲያገረሽበት፣ ሁለተኛውን ደሙ ሳይመረመር እኔው ራሴ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ሰጠሁት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ልዩነቱን ያየችው የሰባት ዓመቷ ልጄ ናት። «እማዬ፣ የአባባ እጅ ቀጥኗል፤ ሆዱ ግን ለምን አበጠ?» አለችኝ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ደሙን ያየችው ነርስ ወባ አላገኘችበትም። ከግራ ጎድኑ ሥር ዳሰሰችና ጣፊያው ማበጡን ነገረችን። ቀጥላም «አባቴ፣ አምና የት ነበሩ?» ብላ ጠየቀችው። «መተማ» አላት። እኔ ሳምንታት ሙሉ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ይህ ነበር። ቤተሰቡም የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከልም ጎንደር ስላሉ፣ ወደዚያው ይዤው ሄድኩ። ምርመራው ካላዛር መሆኑን አረጋገጠ።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ የላትም። በሰሜን ምዕራብ ቆላ ከሰነጣጠቀው መረሬ አፈርና ከግራር ጥላ አትርቅም። በንክሻዋ የምታስገባው ጥገኛ ተሐዋሲ የሚደበቅበት ቦታ ያስገርማል። ጀርም ውጦ እንዲያጠፋ በተፈጠረው ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ስለዚህም እነዚህ ሕዋሳት የሚበዙባቸው ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ይታመማሉ። ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ95 በላይ ይገድላል።

በአገራችን ለአብዛኛው ታማሚ የሚሰጠው ሕክምና ለ17 ቀናት የሚወሰዱ ሁለት መርፌዎች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ልብና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለጨቅላ ሕፃናትና በጣም ለተዳከሙ ሰዎች ሌላ መድኃኒት ይመረጣል። ለጋሼም የታዘዘለት ይኸው ነው።

መድኃኒቱ አምፎቴሪሲን ቢ ይባላል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቬኔዙዌላው ኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ በተወሰደ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘ ነው። ብርቱ መድኃኒት ቢሆንም፣ እንዲሁ ሲሰጥ በሽተኛውን ያንቀጠቅጣል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ተመራማሪዎች ያገኙት መላ ከስብ በተሠሩ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ማሸግ ነው። የአንዷ እንክብል ስፋት ከ100 ናኖሜትር በታች ነው፤ ማለትም በአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ላይ አንድ ሺህ ያህሉን ጎን ለጎን መደርደር ይቻላል።

ዘዴው እንዲህ ነው። እንክብሎቹ በጠብታ ወደ ደም ሥር ሲገቡ፣ ባዕድ ነገር መዋጥ ልማዱ የሆነው ነጭ የደም ሕዋስ እነሱንም ይውጣቸዋል። ጥገኛው የተደበቀውም እዚያው ነው። መድኃኒቱ ጠላት ካለበት ቤት ይገባል፤ ኩላሊት ላይ የሚያርፈው ግን ይቀንሳል። ቢሆንም ኩላሊቱ በደም ምርመራ መታየቱ አይቀርም።

እንክብል የሚሠራው ከስብ ብቻ አይደለም። ከፖሊመርም ይሠራል። ፖሊመር ስንል ፕላስቲክ ብቻ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳይወጣ በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋውን የስፌት ክር ያየን እናቶች ብዙ ነን። ከዚያው ዓይነት ነገር የሚሠሩ ደቃቅ እንክብሎች አሉ። ቀስ በቀስ እየሟሙ መድኃኒቱን ለሳምንታት ወይም ለወራት ይለቃሉ፤ ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መርፌዎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

የጋሼን መድኃኒት ቆላ ማድረስ ግን ቀላል አይደለም። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይስማማውም፤ በረዶም እንዲሆን አይፈለግም። የመጋቢትን የጋምቤላ ሙቀት የሚያውቅ ሰው ችግሩ ይገባዋል። ዋጋውም ውድ ነው። ወደ ድሃ አገሮች የሚደርሰው በአብዛኛው አምራቹ ጊሊያድ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በሚሰጠው ልገሳ ነው። የእኛም አገር ድርሻ ቀላል አይደለም። በጎንደርና በአብዱራፊ የተካሄደ ጥናት ኤችአይቪና ካላዛር በአንድነት ለያዛቸው ሰዎች ይህን መድኃኒት ከሚልቴፎሲን ጋር መስጠት እንደሚሻል አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ለምሥራቅ አፍሪካ መክሯል።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያዙልኝ። ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የወባ መድኃኒት ተወስዶ ካልበረደ፣ ሰውነት እየከሳ ሆድ በግራ በኩል ካበጠ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም በሽተኛው የነበረበትን ቦታ ተናገሩ፤ ሁመራ፣ መተማ፣ ኦሞ ሸለቆ ወይም ከድንበር ማዶ ደቡብ ሱዳን። በዚያ በላይኛው ናይል አካባቢ ካላዛር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እጅግ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እኛ ግን ደብቀን ሳይሆን ሳንጠይቅ ቀርተን ነው።

ጋሼ ዳነ። ባለፈው ወር ደውሎ «ቀበቶዬ ወደ ድሮ ቀዳዳው ተመለሰ» አለኝ። ልጄ ስልኩን ነጥቃ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችው። ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ ሊመጣ ቃል ገብቶላታል። እኔም አጎበር ይዞ እንዲወርድ፣ ሲመጣም ትኩሳት ካለው ገና በር ላይ እንዲነግረኝ አስምዬዋለሁ።