ግንበኛው ዘበኛ ሲሆን

ሥር የሰደደ ሳይነስ ሽታ የነሳውን ሰው ዶሮ ወጡ እንዴት እንደሆነ ጠይቁት፤ «ያቃጥላል» ይላችኋል። ኮረሪማውስ? ንጥር ቅቤውስ? የሉም። የበርበሬን ማቃጠል ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሌላ ነርቭ ስለሆነ እሱ ይተርፋል። «ጣመኝ» የምንለው አብዛኛው ነገር ግን ስናላምጥ በጉሮሮ በኩል ዞሮ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። ሰውዬው ጨው ይጨምራል፤ ወጡን የሠራችው ትቀየማለች።

ሐኪሞች «ሥር ሰደደ» የሚሉት አፍንጫና በዙሪያው ያሉት የአጥንት ክፍተቶች ተቆጥተው 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆዩ ነው። በአንዳንዱ ሰው የወይን ፍሬ የመሰለ ለስላሳ ሥጋ ይበቅላል፤ ፖሊፕ ይባላል። ሽታ የሚለየው ስስ ሽፋን ያለው ከአፍንጫ ጣሪያ ሥር፣ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ነው። እብጠቱና ሥጋው ስንጥቁን ሲደፍኑት አየሩ ሽታውን ይዞ ከታች ያልፋል።

የተዘጋው መንገዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥጋው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ነገሩ ባለቀ ነበር። ሁልጊዜ ግን አያልቅም። የሽታ ነርቮች በየጊዜው እየሞቱ ከሥራቸው ባሉ እናት ሴሎች ይተካሉ፤ አብዛኞቹ ነርቮች ያልታደሉት ዕድል ነው። የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት የአይጥ ጥናት እንዳሳየው፣ መቆጣቱ ሲረዝም እነዚህ ሴሎች ነርቭ መተካቱን ትተው የመከላከያ ሴሎችን የሚጠሩ ኬሚካሎች ወደ ማመንጨት ይዞራሉ። ግንበኛው ማንኪያውን ጥሎ ዱላ ያዘ እንደማለት ነው። ተጠርተው የሚመጡት ዘበኞች ደግሞ ቁጣውን ያራዝሙታል።

ቁጣውን የሚያበርድ የስቴሮይድ እንክብል ለጀመረ ሰው አንድ ማለዳ የቡና ሽታ ድንገት ሊመለስለት ይችላል። እንክብሉ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ሽታውም አብሮ ይሄዳል። ቀምሶ መነጠቅ ጨርሶ ከማጣት ይከፋል ባይ ነኝ፤ ቢሆንም የሽታው መመለስ ነርቮቹ ሁሉ እንዳልጠፉ ምስክር ነው። እንክብሉ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ስለሚጎዳ ዋናው ሕክምና በጨው ውኃ ማጠብና አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ ስቴሮይድ ነው።

የጀርመኗ ድሬስደን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ያስተዋወቁት የማሽተት ልምምድም አለ። መጀመሪያ የተሞከረው በቫይረስ፣ በጭንቅላት ጉዳት ወይም ባልታወቀ መንስኤ ሽታ በጠፋባቸው ሰዎች ላይ ነበር፤ ተቆጥቶ ባለ አፍንጫ ላይ እብጠቱ መቅደም አለበት። ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት፣ አራት ነገር ማሽተት ነው፦ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ። ከአራቱ ሦስቱን ፍለጋ ከሰፈር መውጣት አያሻም።