ከነፋስ በኋላ እሳት፤ የሞንትሴራት ደሴት የልማት ፕላንና የተፈጥሮ አደጋ

በደሴቶች ላይ ስለሚደርሰው ጥፋት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ነፋሱ፣ ስለ ማዕበሉ ወይም ስለ እሳቱ ኀይል ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ሆስፒታሉ፣ ወደቡና መሥሪያ ቤቱ በየትኛው ስፍራ ይሠራ ተብሎ የሚቈረጠው ውሳኔ ጥፋቱን አስቀድሞ እንደሚያበዛው ወይም እንደሚያሳንሰው ነው። ለዚህም ምሳሌ እንድትሆን በካሪቢያን ባሕር የምትገኘውን ሞንትሴራትን መርጫለሁ። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሞንትሴራት በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ያለች ደሴት ስትሆን ስፋቷ 102 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ከአዋሳ ሐይቅ ስፋት እምብዛም አይበልጥም። በደቡብ በኩል ሱፍሪየር ሂልስ የሚባል እሳተ ገሞራ አለባት። ዋናው ከተማ ፕሊመዝ የተቈረቈረው ከተራራው በስተ ምዕራብ፣ በባሕሩ ዳር፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ነበር። የደሴቲቱ ታሪክ መጻፍ ከተጀመረ ወዲህ ተራራው እሳት ተፍቶ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ፈጽሞ አልተኛም። ከ1897 እስከ 1898፣ ከ1933 እስከ 1937፣ ደግሞም ከ1966 እስከ 1967 ምድሪቱ በተደጋጋሚ ተናውጣለች። እነዚህን ዘመናት ጎን ለጎን አድርጎ የሚመለከት ሰው መናወጡ በየ30 ዓመቱ ገደማ እንደሚመላለስ ያስተውላል፤ የሚቀጥለውም ተራ በ1990ዎቹ ላይ ይወድቃል።

በ1987 ዋጅና አይዛክስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተራራውን አጥንተው፣ ቢፈነዳ እሳቱ የሚደርስባቸውን ቦታዎች በካርታ አሳዩ። ፕሊመዝም በአደጋው ክልል ውስጥ መሆኑን አመለከቱ። ስለዚህ ዕውቀቱ አልጠፋም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 17 ቀን 1989፣ ሁጎ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደሴቲቱን መታት። ከ10 ቤቶች 9 ያህሉ ተጎዱ። ይህ መከራ እጅግ ከባድ ቢሆንም ለፕላን አውጪዎች ብዙ ጊዜ የማይገኝ ዕድል ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሁሉም ነገር እንደ ገና የሚሠራ ከሆነ ሌላ ስፍራ መርጦ መሥራት ይቻላልና። ነገር ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ የመጻሕፍት ቤቱና የመርከብ ማቆሚያው ተመልሰው የተሠሩት በዚያው በፕሊመዝ ነው። የሁለቱ ተመራማሪዎች ካርታ በሥራው ላይ አልዋለም።

በእነዚህ ሰዎች ላይ ቶሎ መፍረድ ግን አይገባም። መንገዱ፣ የውሃው ቧንቧና ገበያው በፕሊመዝ ነበሩ፤ ሕዝቡ ጣራ አጥቶ ፈጥኖ መጠለል ይፈልግ ነበር፤ ገንዘብ የሚሰጠውም ወገን ሕንፃው ቆሞ ለማየት ይቸኵላል። ሰሜኑ ደግሞ ደረቅና ሰው የሚያንስበት አገር ነው። ነፋሱን ሁሉ ሰው አይቶታል፤ የእሳቱን መፍሰስ ግን አንድም በሕይወት ያለ ሰው አላየውም። ስለዚህ አዲሶቹ ሕንፃዎች የተሠሩት ያለፈውን ጠላት ለመቋቋም ነበር ማለት ይቻላል።

በሐምሌ 18 ቀን 1995 ተራራው ተነሣ። የዚህ ተራራ ጠባይ እንደ ወንዝ የሚፈስ የቀለጠ አለት ማውጣት አይደለም። ወፍራም የሆነው የቀለጠ አለት በአፉ ላይ እንደ ጉልላት ይከመራል፤ ክምሩ ሲከብድ ይናዳል፤ ያን ጊዜ ትኵስ ጋዝ፣ አመድና የድንጋይ ስብርባሪ ተደባልቀው በመቶ በሚቈጠር ዲግሪ እየጋሉ፣ ሮጦ የሚያመልጣቸው በሌለ ፍጥነት ቍልቍል ይወርዳሉ። ዝናብ ሲዘንብም አመዱ ጭቃ ሆኖ የቀረውን ይቀብራል። የፕሊመዝ ሕዝብ በ1995 ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ፤ በሚያዝያ 1996 ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ። በነሐሴ 1997 ከተማው ተቃጠለ፤ ያ በአዲስ መልክ የተሠራው ሁሉ እስከ ስምንት ዓመት እንኳ አላገለገለም። በምሥራቅ ዳር የነበረው የኤሮፕላን ማረፊያም በዚያው ዓመት መስከረም ጠፋ።

ከተማው አስቀድሞ ስለ ተለቀቀ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል። በሰኔ 25 ቀን 1997 ግን 19 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ወደ ተከለከለው ክልል ገብተው እርሻቸውን ይጠብቁ የነበሩ ገበሬዎች ነበሩ። በእኔ አስተያየት የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ለም የሆነው አፈር የሚገኘው በተራራው ጎን ነው፤ በሰሜን ያለው መሬት ጥቂትና ደካማ ነው፤ የተፈናቀለው ሰው በአብያተ ክርስቲያናትና በትምህርት ቤቶች ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ክልሉን መከለል ለመንግሥት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የሚያርሰውን ሰው ግን ሌላ እርሻ ሳይሰጡት «አትሂድ» ማለት የፕላኑን ግማሽ ብቻ መሥራት ነው። ስለ አደጋ መከላከል ሲታሰብ የማስጠንቀቂያ መሣሪያና የሸሸውን የሚቀበል መጠለያ ይታወሳሉ፤ የሸሸው ሰው በሁለተኛው ወር ምን እንደሚበላ ግን የእርሻና የመሬት ጉዳይ ነው ተብሎ ለሌላ መሥሪያ ቤት ይተዋል።

ከ10,000 በላይ የነበረው ሕዝብ ከሲሶ ብዙ ወደማይበልጥ ቍጥር ወረደ። ብዙዎቹ ወደ አንቲጓና ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ደቡቡ፣ ማለት ከደሴቲቱ ሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ያህል፣ እንዲዘጋ ሆነ። ፕሊመዝ ዛሬም በሕግ ዋና ከተማ ይባላል፤ የሚኖርበት ሰው ግን የለም። ሥራው የሚካሄደው በሰሜን በብሬድስ ነው። በሰሜን ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ትምህርት ቤት ወደ ሆስፒታልነት ተለወጠ፤ አዲስ የኤሮፕላን ማረፊያም በጄራልድስ ኮረብታ ላይ በ2005 ተከፈተ። አዲሱ ወደብና አዲሱ ከተማ የታሰቡት ሊትል ቤይ በሚባለው ወሽመጥ ነው። ሰሜኑ ከእሳቱ የራቀ መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን ወሽመጡ ለዐውሎ ነፋስና ለባሕር ማዕበል ክፍት በመሆኑ፣ ሆስፒታሉ፣ የምግብ መጋዘኑና መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ከዚያው ከዳርቻው እንዳይከማቹ ከፊሉን ወደ ኮረብታው ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይህም ጥያቄ መነሣት ያለበት የመሠረቱ ድንጋይ ሳይጣል ነው።