የፕላትሌት ቁጥርና ተግባር በደም መርጋት ሂደት

ትንሽ የደም ሥር ሲቆረጥ የሚፈሰው ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚቆመው የደም ሥሩ በመጥበቡ፣ ፕላትሌቶች በቁስሉ ላይ በመሰባሰባቸውና በፕላዝማ ውስጥ የሚገኙ ደም አርጊ ፕሮቲኖች በመሥራታቸው ነው። በተለመደው የደም ምርመራ የሚታወቀው ግን የፕላትሌት ቁጥር እንጂ የሥራ ብቃታቸው አይደለም። ስለዚህ ሕመምተኛው የመድማት አደጋ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት በቁጥሩ ብቻ መወሰን አይቻልም።

ፕላትሌቶች በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሜጋካርዮሳይት ከሚባሉ ግዙፍ ሕዋሳት የሚቆረሱ፣ ኒውክለስ የሌላቸው ጥቃቅን አካላት ናቸው። በደም መርጋት ያላቸውን ድርሻ ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1882 እ.ኤ.አ. ገልጿል። መደበኛ ቁጥራቸው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ቀናት ነው። ሲሶ ያህሉ በጣፊያ ውስጥ ስለሚቆይ፣ እንደ ካላዛር ባሉ ጣፊያን በሚያሳብጡ በሽታዎች ቁጥራቸው ይቀንሳል።

የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሲጎዳ ከሥሩ ያለው ኮላጅን ይጋለጣል። ቮን ዊልብራንድ ፋክተር የሚባለው ፕሮቲን በአንድ በኩል ከኮላጅን፣ በሌላ በኩል ከፕላትሌት ጋር በመያያዝ ፕላትሌቱን ከደም ፍሰቱ ነጥሎ ያስቀረዋል። የተጣበቀው ፕላትሌት ቅርጹን ይለውጣል፤ ያከማቸውን ኤዲፒና አዲስ የሚሠራውን ትሮምቦክሴን ኤ2 በመልቀቅም ሌሎች ፕላትሌቶችን ያነቃቃል። ፋይብሪኖጅን እንደ ድልድይ ሆኖ እርስ በርሳቸው ያስተሳስራቸዋል። በዚህ መልክ የተሠራው ውታፍ ግን ብቻውን አይጸናም። አርጊ ፕሮቲኖች በፕላትሌቶቹ ገጽ ላይ ተሰባስበው ትሮምቢን ያስገኛሉ፤ ትሮምቢንም ፋይብሪኖጅንን ወደ ፋይብሪን ክር ለውጦ ውታፉን ያጠነክረዋል።

አስፒሪን ትሮምቦክሴን የሚሠራውን ኢንዛይም እስከመጨረሻው ያሰናክላል። ፕላትሌት ኒውክለስ ስለሌለው ሌላ ኢንዛይም መሥራት አይችልም፤ ጉዳቱም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይዘልቃል። በመሆኑም አስፒሪን የወሰደ ሰው የፕላትሌት ቁጥሩ መደበኛ ሆኖ ሳለ ሊደማ ይችላል። የአይቡፕሮፌን ውጤት ግን መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ያበቃል።

በተቃራኒው፣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲታይ ሁልጊዜ እውነተኛ መቀነስ አይደለም። ኢዲቲኤ ባለው የደም ብልቃጥ ውስጥ የአንዳንድ ሰዎች ፕላትሌቶች ተጣብቀው ስለሚቋጠሩ መሣሪያው አሳንሶ ይቆጥራቸዋል። የመድማት ምልክት የሌለበት ሰው ውጤት ዝቅተኛ ሲሆን በስላይድ ላይ የተቀባውን ደም በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ካስፈለገም ሲትሬት ባለው ብልቃጥ ደም ወስዶ ምርመራውን መድገም ይገባል።

የመድማቱ ዓይነትም ይመራል። በፕላትሌት ጉድለት በቆዳ ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀይ ነጠብጣብ፣ ነስር፣ የድድ መድማትና የበዛ የወር አበባ ይታያል። እንደ ሄሞፊሊያ ባሉ የአርጊ ፕሮቲን ጉድለቶች ግን ደም በመገጣጠሚያና በጡንቻ ውስጥ ይጠራቀማል።

ቁጥሩ ከ10,000 በታች ሲወርድ ያለ ምንም ጉዳት የሚነሣ አደገኛ መድማት ያሰጋል። ወባ የፕላትሌት ቁጥርን አዘውትሮ የሚቀንስ በሽታ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ በወረርሽኝ መልክ የተከሰተው የዴንጊ ትኩሳትም እንዲሁ። ስለዚህ ዴንጊ በተጠረጠረበት ትኩሳት አስፒሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን መስጠት አይገባም፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። የፕላትሌቱ ቁጥር እጅግ ለወረደ ሕመምተኛም በጡንቻ የሚወጋ መርፌ በሚዋጥ ወይም በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት መተካት አለበት።