ከዶራሌ እስከ ሞጆ፦ የአየር ንብረት ሒሳብን መማር

ለጅቡቲ ከተማ ዝናብ ብርቅ ነው። በዓመት የምታገኘው ከ150 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ላይ ነው። በኤፕሪል 2004 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው) የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ የዓመቱን አብዛኛውን ዝናብ በአንዴ ይዞ መጣ። በኖቬምበር 2019 ደግሞ በአንዳንድ አካባቢዎች የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ።

እንዲህ ባለ ቀን በከተማዋ የሚሠራ አንድ የትራንዚት ድርጅት ምን ይገጥመዋል? መጋዘን ውስጥ ያለ ስኳር ወይም ማዳበሪያ ይረጥባል። ወደ ጋላፊ ድንበር ሊወጡ የነበሩ ተሳቢዎች ፒኬ 12 በተባለው የጭነት መኪና ማቆሚያ ቆመው ይውላሉ። ባዶው ኮንቴይነር በጊዜው ስላልተመለሰ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል። ዓመቱ ሲዘጋ እነዚህ ወጪዎች ሁሉ መዝገብ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚገቡት ግን ተበታትነው ነው። ከፊሉ በጥገና፣ ከፊሉ በኢንሹራንስ፣ የቀረው «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው መስመር ይሰፍራል። ባለአክሲዮኑም ሆነ አበዳሪው ባንክ ያን ሪፖርት ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ጎርፉ ድርጅቱን ስንት እንዳስከፈለው ሊያውቅ አይችልም። ከአየር ንብረት ጋር የተያያዘ የፋይናንስ ሪፖርት የሚባለው ሥራ ይህን ከተበተነበት ለቅሞ በአንድ ቦታ፣ በገንዘብ ተምኖ ማሳየት ነው፤ ያለፈውን ብቻ ሳይሆን ሊመጣ የሚችለውንም ጭምር። ድርጅቶች ይህን ሥራ የሚማሩባቸው ነፃ የኢንተርኔት ሥልጠናዎች አሉ። እዚህ የማስተዋውቀው እነሱን ነው፤ በተለይም ጅቡቲንና ኢትዮጵያን ለሚያገናኘው የንግድ መስመር የሚበጁበትን መንገድ።

የዚህን ሪፖርት ሥራ የጀመሩት የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ብቻ ቢመስለን አይፈረድብንም። ዋናው ግፊት የመጣው ግን ከባንክ ሰዎች ነው። በሴፕቴምበር 2015 የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ የነበሩት ማርክ ካርኒ ለንደን በሚገኘው የሎይድስ ኢንሹራንስ ገበያ ባደረጉት ንግግር የአየር ንብረት ለውጥ ለፋይናንስ ሥርዓቱ መረጋጋት አደጋ መሆኑን አስጠነቀቁ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ እሳቸው ይመሩት የነበረው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ መረጋጋት ቦርድ በማይክል ብሉምበርግ ሰብሳቢነት አንድ ግብረ ኃይል አቋቋመ። ግብረ ኃይሉ ቲሲኤፍዲ በሚል ምህጻረ ቃል ይታወቃል። በጁን 2017 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ድርጅቶችን በአራት በኩል ይጠይቃል፦ ጉዳዩን በቦርድና በሥራ አመራር ደረጃ ማን ይከታተለዋል? በንግዱ ዕቅድ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል? ስጋቱ እንዴት ተለይቶ ይያዛል? በምንስ ይለካል፣ ግቡስ ምንድን ነው?

ያ ምክረ ሐሳብ የፈቃደኝነት ነበር። በኖቬምበር 2021 በግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ዓለም አቀፍ የዘላቂነት ደረጃዎች ቦርድ መቋቋሙ ይፋ ሆነ፤ ቦርዱም በጁን 2023 ኤስ 1 እና ኤስ 2 የተባሉ ሁለት ደረጃዎችን አወጣ። የአየር ንብረቱ ኤስ 2 ነው። ቲሲኤፍዲም ሥራውን አስረክቦ በዚያው ዓመት ተበተነ። ለእኛ ሰው እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። አዲሱ ቦርድ የተቀመጠው አይ.ኤፍ.አር.ኤስ የተባሉትን የሒሳብ አያያዝ ደረጃዎች በሚያወጣው ፋውንዴሽን ሥር ነው። ኢትዮጵያ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 847 የተቀበለችውና ባንኮችና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች መጀመሪያ የገቡበት ሥርዓት ያው ነው። ስለዚህ የአየር ንብረት ሪፖርት ለኢትዮጵያ ሒሳብ ሠራተኛ ባዕድ አገር አይደለም፤ ያደረበት ቤት ሌላ ክፍል ነው።

ከሥልጠናዎቹ መካከል በስፋት ከሚታወቁት አንዱ የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ አክሲዮን ገበያዎች ኢኒሼቲቭ ከዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽንና ሲዲፒ ከተባለው ድርጅት ጋር ያዘጋጀው ነው። ኢኒሼቲቩ የተመሠረተው በ2009 ሲሆን መንገዱ በአክሲዮን ገበያዎች በኩል ነው፤ የአንድ አገር ገበያ ይጋብዛል፣ በገበያው የተመዘገቡ ኩባንያዎች ይሳተፋሉ። መጀመሪያ መግቢያ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ሪፖርቱን ወደ መጻፍ ጠለቅ ይላል። ደረጃዎቹ ከወጡ ወዲህ ትምህርቱ ወደ ኤስ 1 እና ኤስ 2 ዞሯል። ፋውንዴሽኑም ራሱ ማንም ገብቶ የሚማርበት የእውቀት ማዕከል በኢንተርኔት ከፍቷል። በአካል ቢሆን ኖሮ ለአውሮፕላንና ለሆቴል ከፍሎ ናይሮቢ ወይም ጄኔቭ መሄድ የሚችለው ትልቅ ድርጅት ብቻ ይሆን ነበር። አሁን በኢንተርኔት ስለሆነ በሦስት ሰው የሚሠራ የትራንዚት ቢሮም ይደርሰዋል። ጅቡቲ ደግሞ የባሕር ውስጥ ኬብሎች የሚወጡባት ከተማ ናት። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚማር ሰው ኢንተርኔቱ በዚያው በጅቡቲ ጠረፍ ሊያልፍ ይችላል፤ ዕቃውም ኢንተርኔቱም የሚጓዙት በአንድ መስመር ነው።

ከትምህርቱ ሁሉ ሒሳብ ሠራተኛውን እጅግ የሚያደክመው፣ እጅግም የሚያስተምረው የልቀት ስሌት ነው። የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት በሦስት ወሰን ይከፈላል። ወሰን አንድ ድርጅቱ ራሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ ነው። ወሰን ሁለት የሚገዛው ኤሌክትሪክ ነው። ወሰን ሦስት ከእሱ በፊትና ከእሱ በኋላ ሌሎች ለእሱ ሲሉ የሚለቁት ነው፤ በ15 ዘርፎችም ይዘረዘራል።

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ቢሮ፣ ዶራሌ አካባቢ መጋዘን፣ የራሱም ተሳቢዎች ያሉት ድርጅት እናስብ። አንዱ ተሳቢ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ 400 ሊትር ናፍጣ አቃጠለ እንበል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ስለዚህ በአንድ ጉዞ ከአንድ ቶን በላይ ተለቀቀ ማለት ነው። ናፍጣው ራሱ በሊትር አንድ ኪሎ እንኳ አይመዝንም፤ ሲነድ ግን ካርቦኑ ከአየር ኦክስጅን ጋር ስለሚጣመር የሚወጣው ጋዝ ከነዳጁ ይከብዳል። ማባዛቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው። የሚያስቸግረው 400 የሚለውን ቁጥር ማግኘቱ ነው። ሹፌሩ ከፊሉን ጅቡቲ ውስጥ በፍራንክ፣ ከፊሉን ሚሌ ወይም አዋሽ ላይ በብር ቀድቷል። መዝገቡ የያዘው ገንዘቡን እንጂ ሊትሩን አይደለም። የነዳጅ ዋጋ በሁለቱ አገሮች ይለያያል፣ በየጊዜውም ይለወጣል፤ ከገንዘቡ ተነስቶ ሊትሩን ለማውጣት የሚሞክር ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። እንግዲህ ሒሳብ ሠራተኛው ከወንበሩ ተነስቶ ስምሪት ክፍሉን፣ ጋራዡን፣ ሹፌሩን መጠየቅ አለበት። የሥልጠናው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ የሚቆጥረውንና ዕቃ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጣል።

ወሰን ሁለት በጅቡቲ ሰፊ ታሪክ አለው። ቢሮውን በበጋው ሙቀት የሚያቀዘቅዘው ኤሲ የሚበላው ኤሌክትሪክ ከየት መጣ? ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የተዘረጋው መስመር የውኃ ኃይል ያመጣል። ከተማዋ ውስጥ ነዳጅ የሚያቃጥሉ ጄኔሬተሮች አሉ። በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ ጉቤት ላይ 60 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ የንፋስ ኃይል ጣቢያ ተመርቋል። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከውኃ ሲመጣና ከነዳጅ ሲመጣ ልቀቱ እጅግ ይለያያል፤ ከሌላ አገር ሰንጠረዥ የተቀዳ ማባዣ መጠቀም ቁጥሩን ከእውነት ያርቃል። ስጋቱም በዚሁ መስመር ይጓዛል። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ዝናብ አንሶ ግድቦቹ ቢጎድሉ፣ የጅቡቲ መጋዘን ማቀዝቀዣም የባቡሩ ኤሌክትሪክም አብረው ይነካሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው፣ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ባቡር የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ጭነቱን ከተሳቢ ወደ ባቡር ያዞረ ድርጅት ልቀቱ ሲቀንስ፣ ለድርቅ ያለው ተጋላጭነት ግን በሌላ በኩል ይመጣል። ሁለቱንም መጻፍ አለበት።

ወሰን ሦስት ላይ ድርጅቶቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ መርከብ የሚያቃጥለው ነዳጅ ለራሱ ወሰን አንድ ነው፤ ዕቃ ለሚያስመጣው የአዲስ አበባ ነጋዴ ወሰን ሦስት ይሆናል። የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ በመሆኑ፣ የአዲስ አበባ አስመጪ ሪፖርት እውነተኛ የሚሆነው የጅቡቲው ትራንዚተር ቁጥሩን ሲያውቅ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ ትምህርቱ ወደ ስጋት ይዞራል። ስጋቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አካላዊ ነው፦ ጎርፍ፣ ሙቀት፣ የባሕር ወለል መጨመር። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል፣ ልቀት በጣም ከፍተኛ ሆኖ ከቀጠለ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባሕር ወለል ከ63 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ሊል እንደሚችል ይገምታል፤ እጅግ ዝቅተኛ በሆነው መንገድ ደግሞ ከ28 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር። በዝቅተኛ ጠረፍ ላይ ለተሠራች የወደብ ከተማ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጋዘን ወለል ከፍታን የሚወስን ነው። ኤስ 2 ድርጅቱን ከእነዚህ መንገዶች በአንዱ ብቻ እንዲያምን አይጠይቀውም፤ የተለያዩ የወደፊት ሁኔታዎችን አስቀምጦ ንግዱ በእያንዳንዱ እንዴት እንደሚቆም እንዲመረምር ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛው የሽግግር ስጋት ይባላል፤ ዓለም ከነዳጅ ሲርቅ የሚመጣ። የጅቡቲ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። የኢትዮጵያ ነዳጅ ወደ አገር የሚገባው በዋናነት በጅቡቲው ሆራይዘን ተርሚናል በኩል ነው፤ ከዚያም ቦቴዎች ይጭኑታል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ሲሄድ የቦቴው ባለቤት፣ ለቦቴው መግዣ ያበደረው ባንክ፣ ተርሚናሉም ምን ያህል ገቢ ይቀርባቸዋል? ዛሬ የተገዛ ቦቴ ዋጋውን እስኪመልስ ስንት ዓመት ይሠራል? እነዚህ የሒሳብ ጥያቄዎች ናቸው። ጅቡቲ ራሷም ወደቧን በሚጠቀሙ መርከቦች ልቀት ላይ ክፍያ ለመጣል የካርቦን መዝገብ አቋቁማለች፤ ልቀት በቀጥታ የጭነት ወጪ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ መጥቷል ማለት ነው።

ሥልጠናዎቹ ያልደረሱበት ቦታም አለ። ምሳሌዎቻቸው በአብዛኛው ከትልልቅ የተመዘገቡ ኩባንያዎች የተወሰዱ ናቸው፤ ብዙ ባለሙያ ያለው የዘላቂነት ክፍል እንዳለ አድርገው ይናገራሉ። የሚሰጡት በብዛት በእንግሊዝኛ ነው፤ የጅቡቲ ቢሮ በፈረንሳይኛ ይጽፋል፣ ሹፌሩና ትራንዚተሩ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ይነጋገራሉ። በአክሲዮን ገበያ በኩል መምጣታቸውም አብዛኛውን የመስመሩን ድርጅት ከበሩ ውጭ ያስቀራል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጃንዩዋሪ 2025 ነው፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ባንኮች በቅድሚያ መግባታቸው ግን ተስፋ ይሰጠኛል፤ ባንክ የሚያበድረውን ድርጅት ልቀት በራሱ ወሰን ሦስት ሥር ስለሚቆጥር፣ ያንን ጥያቄ ለተበዳሪው ሁሉ ያደርሳል። ኬንያ ደረጃዎቹን ከፈቃደኝነት ወደ ግዴታ የምታሸጋግርበትን የጊዜ ሰሌዳ አውጥታለች፤ የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች በ2027 ይጀምራሉ።

ምርጫው የእኔ ቢሆን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ የጅቡቲና የአዲስ አበባ ድርጅቶች በአንድ ክፍል አብረው ይማሩ። አስመጪው፣ ትራንዚተሩ፣ የባቡሩ ኩባንያ፣ ኢንሹራንሱ፣ አበዳሪው ባንክ ይገናኙ። የአንዱ ቁጥር የሌላው ግብዓት ስለሆነ፣ ለየብቻ ሲማሩ ሁሉም በግምት ይሞላሉ፤ አብረው ሲማሩ ግን የጉዞውን ሊትር በአንድ ቅጽ ይቀባበላሉ። በኢንተርኔት ስለሆነ ለዚህ ድንበር መሻገር አያስፈልግም።

ለመጀመር ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። ኤስ 2 በመጀመሪያው ዓመት ወሰን ሦስትን ሳያቀርቡ ማለፍ ይፈቅዳል። ከድርጅቱ የሚጠብቀውም ካለ ከልክ ያለፈ ወጪና ድካም የሚገኘውን መረጃ ነው። ስለዚህ አንድ ድርጅት ዘንድሮ የናፍጣና የኤሌክትሪክ ልቀቱን ብቻ አስልቶ ሊነሳ ይችላል። ወደ ሥልጠናው የሚገባ ሒሳብ ሠራተኛም ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት የመብራት ክፍያዎችና እያንዳንዱ ተሳቢ የቀዳውን ሊትር ይዞ ቢገባ፣ መልመጃውን በሌላ አገር ኩባንያ ቁጥር ሳይሆን በራሱ ቁጥር ይሠራዋል፤ ከትምህርቱ ሲወጣም የሪፖርቱ የመጀመሪያ ሰንጠረዥ በእጁ ይሆናል።