ጠረጴዛ ለሰው ወይስ ሰው ለጠረጴዛ?

ሰው በአለባበሱና በአነጋገሩ እንደሚታወቅ ሁሉ በአቀማመጡም ይታወቃል። ዛሬ ልንናገርበት የወደድነው በኮምፒዩተር ፊት ስለ መቀመጥና ጠረጴዛን ስለ ማሰናዳት ነው። ነገሩ ጥቂት መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን።

ሐሳቡን ያገኘነው ከዋሂል ነው። ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ካሉት የገጠር አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ሕዝቡ ማሽላ እያረሰና ከብት እያረባ ይኖራል። ለሥራ ወደዚያ በሄድን ጊዜ፣ ባሳደሩን ሽማግሌ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠን፣ ላፕቶፓችንን በጕልበታችን ላይ አድርገን እስኪመሽ ድረስ ጻፍን። ስንነሣ አንገታችን አልዞር አለ፤ የቀኝ እጃችን ጣቶችም ደነዘዙ። ሽማግሌው አይተውን ሣቁ።

«ልጄ፣ እኔ ስቆፍር ውዬ ቀጥ ብዬ እገባለሁ፤ አንተ ተቀምጠህ ውለህ ጐበጥህ?» አሉን።

ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው ደግሞ፣ «አንድ ጊዜ ለጕዳይ ከዚህ በሌሊት ተነሥቼ ከተማ ገባሁ። ጸሐፊው ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ሆኖ ‹ይቆዩ› አለኝ። እስከ ቀትር ቆየሁ። ፊቱን ግን አላየሁትም፤ ያየሁት ጠጕሩን ብቻ ነው» አሉን።

እኛም የራሳችን ጠረጴዛ ትዝ አለንና አፈርን። ኮምፒዩተሩን በእኛና በበሩ መካከል ያቆምነው ሥራ እንዳያስፈታን ነው እንል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የሚመጣውን ሰው ላለማየት ነበር። ከዚያ በኋላ ተደብቀን ለመጻፍ ስንል ስለምናጐነብስ፣ የእንግዳውም መጕላላት የእኛም የጀርባ ሕመም ምክንያቱ አንድ ሆኖ ተገኘ።

የጥንት ጸሐፊዎቻችን ጠረጴዛ አልነበራቸውም። ብራናውን በጕልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የቀለም ቀንዱን መሬት ላይ ተክለው በብርዕ ይጽፉ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ግን የከተማው ጸሐፊ ወንበርና ጠረጴዛ ለመደ። የጽሕፈት መኪና ኋላም ኮምፒዩተር መጣ፤ እኛ ግን ዕቃውን ተቀብለን አቀማመጡን ሳንማር ቀረን። የጸሐፊ ሕመም ከጥንትም የታወቀ ነው። ኢጣሊያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1713 በታተመው መጽሐፉ ምክንያቱን ሦስት አድርጎታል፤ ሳያቋርጡ መቀመጥ፣ እጅን በአንድ ዓይነት መንገድ ማመላለስና እንዳይሳሳቱ አእምሮን ማስጨነቅ። አንዱን የአማርኛ ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ የምንመታው እኛማ ይህን ከማንም ይልቅ ልናስብበት ይገባናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እግር ወለሉን ይርገጥ፤ ካልደረሰ ካርቶን ይደረግለት። ጀርባ ወንበሩን ይደገፍ፤ ወንበሩ ወገብ የማይደግፍ ከሆነ የታጠፈ ጋቢ ይበቃል። ክንድ ከጎን ሳይርቅ ክርኑ ላይ ይታጠፍ፤ አንጓም አይቀልበስ። ስክሪኑ ክንድ ተዘርግቶ የሚደርስበት ያህል ይራቅ፤ የላይኛው ጠርዙም ከዓይን ትክክል ይሁን። ላፕቶፕ የያዘ ሰው መጻሕፍት ደርድሮ ከፍ ያድርገውና ሌላ ኪቦርድ ይሰካበት። መስኮት ከፊትም ከኋላም ሳይሆን ከጎን ይሁን፤ የድሬዳዋን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀንም። የቱንም ያህል ቢያምር ደግሞ አንድ አቀማመጥ ቀኑን ሙሉ አይበጅምና፣ በየጊዜው ተነሥቶ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ለዓይን የሚሰጠው ምክር ደግሞ በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ መመልከት ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሩቅ ነገር በሩ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛውን ጥቂት አዙሮ ስክሪኑ በሩን እንዳይጋርድ ያደረገ ጸሐፊ፣ ዓይኑን ለማሳረፍ ቀና ባለ ቍጥር ማን እንደ ቆመ ያያል። እንግዳው የሚቀመጥበት አንድ ወንበር ከጠረጴዛው አጠገብ ቢጨመርማ ሥርዓቱ ሞላ ማለት ነው።

ከዋሂል ስንመለስ እኛ ይህን አድርገናል። አንገታችን በአንድ ቀን አልዳነም፤ ሥራችንም እንደ ፈራነው አልተፈታም። የመጣው ሰው ፊታችንን ስላየ ጕዳዩን ባጭሩ ተናግሮ ይሄድ ጀመር።

ነገ ሰኞ ነው። አንባቢያችን ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ በሩ ወጥቶ፣ በሌሊት ተነሥቶ በመጣ ሰው ቦታ ቆሞ፣ የገዛ ወንበሩን ይመልከት። የተቀመጠው ሰው ፊት ከዚያ የማይታይ ከሆነ፣ ጠረጴዛውን ለማዞር የሚያስፈልገው የአምስት ደቂቃ ጕልበት ብቻ ነው።